መድን ድርጅቱ የሞት ካሳ ከከፈለ በኋላ ባለንብረቱን መክሰስ ይቻላልን?

ጠያቂ፦ ታናሽ ወንድሜ በመጋቢት 2014 ለገሃር አካባቢ መንገድ ሲሻገር በጭነት መኪና ተገጭቶ አረፈ። መድን ድርጅቱ «የአዋጁ ጣሪያ 40,000 ብር ነው» ካለ በኋላ፣ ቼኩን ለመስጠት ሚስቱ «ከእንግዲህ ከማንም ላይ ምንም ጥያቄ የለኝም» በሚል ሰነድ ላይ እንድትፈርም ጠይቋታል። እኔ ራሴ ባለንብረቱን ልከስስ አስቤ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሊሞላ የቀረው ጥቂት ወር ነው።

መልስ 1፦ ነፍስ ይማር። የተባለው መጠን ስህተት አይደለም፤ የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን (መኪናው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለንብረቱ እንዲገባ የሚገደድበት መድን) አዋጅ ቁጥር 799/2005 አደጋው በደረሰበት ጊዜ ለሞት ከ5,000 የማያንስ፣ ከ40,000 ብር የማይበልጥ ካሳ ደንግጎ ነበር። ይሁን እንጂ ጣሪያው የተበጀው ለአስገዳጁ መድን እንጂ ለባለንብረቱ ኃላፊነት አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 መሠረት የተሽከርካሪ ባለንብረት፣ መኪናውን ሌላ ሰው እየነዳው የነበረ ቢሆንም እንኳ፣ ለደረሰው ጉዳት ኃላፊ ስለሆነ ከመድኑ ክፍያ በላይ ያለው ኪሳራ ከእርሱ ይጠየቃል። ስለዚህ ሰነዱ «ከማንም ላይ» የሚለውን ይዞ እንዳይፈረም፤ የተቀበሉትን ገንዘብ ብቻ የሚያረጋግጥ ደረሰኝ ይበቃል። ባለንብረቱ ከአስገዳጁ በላይ ሽፋን ገዝቶ ሊሆንም ስለሚችል፣ የመድን ውሉ እንዲቀርብ ፍርድ ቤቱን ጠይቁ።

በእርስዎ ስም መክሰሱ ግን አያዋጣም። ቁጥር 2095 በሞት አደጋ ካሳ የመጠየቅ መብት የሰጠው ለትዳር ጓደኛ፣ ለወላጆችና ለተወላጆች (ለልጆችና ለልጅ ልጆች) ነው፤ ወንድም አልተጠቀሰም።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። እናታችን በሕይወት አሉ፤ ሁለት ልጆችም ትቷል። ሾፌሩ ግን በወንጀሉ ክስ በነፃ ተሰናብቷል።

መልስ 2፦ እኔም ለአባቴ ጉዳይ ልደታ ፍርድ ቤት ተመላልሻለሁና ጥቂት ልጨምር። በቁጥር 2149 መሠረት በወንጀል ነፃ መባሉ የፍትሐ ብሔሩን ችሎት አያስገድደውም። ቁጥር 2143 የ2 ዓመት ይርጋ (ክስ የማቅረቢያ የጊዜ ገደብ) አለው፤ ድርጊቱ ረዘም ያለ የወንጀል ይርጋ ያለው ጥፋት ሲሆን ረጅሙ ይሠራል ቢባልም፣ በዚያ ተማምኖ መዘግየት ለተከሳሽ መከራከሪያ ማቀበል ነው። እኛን ያደከመን የገቢ ማስረጃ ነበር፤ ካሳው የሚተመነው በቀለብ (በመተዳደሪያ ገንዘብ) መልክ ስለሆነ ሟች ምን ያህል ያገኝ እንደነበረ ካልተረጋገጠ ስሌቱ ይኮማተራል። ደመወዝተኛ ከነበረ የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ፣ በግሉ ይሠራ ከነበረ የግብር ደረሰኙንና አብረውት የሠሩ ምስክሮችን፣ ከትራፊክ ፖሊስ ሪፖርትና ከአደጋው ንድፍ ጋር አያይዛችሁ በእናቲቱ፣ በሚስቱና በልጆቹ ስም አቅርቡ።