እህቴን ቤሩት «አሮጊቷን ገፍትረሽ ጣልሽ» ብለዋታል፣ ምን ላድርግ?

የኮምቦልቻዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ታናሽ እህቴ ቤሩት ከሄደች ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆናት። በደላላ ነው የሄደችው። የቤት ጽዳት ነው ብለው ነበር የወሰዷት፣ እዚያ ስትደርስ የጠበቃት ሥራ ግን አሮጊት መጠበቅ ሆነ። ቴታ ነው የምትላቸው፣ አያት ማለት ነው በነሱ። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። ታነሳቸዋለች፣ ታጥባቸዋለች፣ ዳይፐር ትቀይርላቸዋለች፣ የስኳር መርፌያቸውን ትወጋቸዋለች፣ ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ተነስታ ሽንት ቤት ትወስዳቸዋለች። የምትተኛው እሳቸው አልጋ ሥር ምንጣፍ ላይ ነው። ሲነጋ ደግሞ የቴታ ልጅ፣ ማዳሟ ማለት ነው፣ ላይኛው ፎቅ ያለውን የራሷን ቤት ታስጸዳታለች። እሑድ የለ፣ በዓል የለ።

ደመወዟ 200 ዶላር ነበር። አሁን ሰባት ወር ሙሉ አልተከፈላትም። ፓስፖርቷም ኢቃማዋም (የመኖሪያ ፈቃዷ) ማዳሟ እጅ ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት ቴታ ሌሊት ብቻቸውን ሊነሱ ሲሉ ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። እህቴ የነቃችው ሲወድቁ ድምፁን ሰምታ ነው። ጠዋት ማዳሟ «አንቺ ነሽ የገፋሻት» አለቻት። በዚያው ሳምንት ደመወዟን አምርራ ጠይቃት ነበር። አሁን ስለ ገንዘብ ካነሳሽ ፖሊስ እጠራለሁ ነው የምትላት። በር ተቆልፎባታል። ስልኳን ደብቃ ሌሊት ሌሊት ድምፅ ትልክልኛለች፣ እያንሾካሾከች።

እኔን ከሁሉ በላይ ያቃጠለኝ ግን የኛ ሰው ነው። ማዳሟ ፎቶዋን ለመክተቡ፣ ለሠራተኛ አስቀጣሪው ቢሮ ማለት ነው፣ ልካ፣ ማን እንዳወጣው እንጃ፣ ቲክቶክ ላይ ተለቀቀ። «ይቺን ልጅ ተጠንቀቁ፣ አሮጊት ልትገድል ነበር» ይላል፣ በአማርኛ። ከሥሩ «አሰደበችን» የሚል ብቻ ነው። አንድ ሰው እንኳን ምን ተፈጠረ ብሎ አልጠየቀም። ሰፈራችንም ደረሰ። እናቴ የገባት ቡና ላይ ሰው ሁሉ ስትገባ ዝም ሲል ነው። አንዷ ጎረቤታችን፣ እህቴን አዝላ ያሳደገች፣ «ምንም ሳታደርግማ ዝም ብለው እንዲህ አይሏትም» አለች። እናቴ ከዚያ ቀን ወዲህ ከቤት አልወጣችም።

ጠፍታ ትውጣ ወይስ ትታገስ? ከወጣች ጥፋቱን ያመነች አያስመስላትም?

ዶራ ስምንት ዓመት

እህቴ፣ አይዞሽ። ቤሩት ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ፣ ሁለቱን ዓመት አንድ ሽማግሌ ጠብቄአለሁ። የጻፍሽውን አንድ ቃል ሳይቀር አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ ይሄን እወቂ። ደመወዝ ጠይቃ በዚያው ሳምንት መወንጀሏ ድንገት አይደለም። ገንዘብ ስንጠይቅ ወይ ልውጣ ስንል «ወርቅ ጠፋ» ይባላል። ልጅ የምትጠብቅ ከሆነች «ልጄን መታች» ነው፣ አሮጊት ከሆነ «ገፋች» ነው። እኔን «ሰዓት ሰረቅሽ» ነበር ያሉኝ። ሰዓቱ ከሁለት ቀን በኋላ የልጃቸው መኪና ውስጥ ተገኘ፣ ይቅርታ ያለኝ የለም፣ የአራት ወር ደመወዜም በዚያው ቀረ።

ለምን እንደልባቸው እንደሚሉን ልንገርሽ። የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ ከ1946 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ውጭ አድርጓል። የሥራ ሰዓት፣ እረፍት፣ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚባለው እኛን አይመለከትም። መኖሪያ ፈቃድሽ በካፊልሽ፣ በአሠሪሽ ማለት ነው፣ ስም ነው። ከቤቷ ስትወጪ ፈቃድሽም ይወድቃል፣ ያኔ የምትታሰሪው አንቺ እንጂ ደመወዝሽን የበላችው አይደለችም። በ2020 (እ.ኤ.አ.) መስከረም ላይ አዲስ ውል ወጥቶ ነበር፣ ሠራተኛዋ ያለ አሠሪ ፈቃድ ሥራ መልቀቅ ትችላለች፣ ፓስፖርት መያዝ ክልክል ነው የሚል። ደስ ብሎን ሳናበቃ የመክተብ ባለቤቶች ከሰሱና በወሩ ፍርድ ቤት አገደው።

አሁን ምን ታድርግ ላልሽው። ዝም ብላ በሌሊት በመስኮትም በበረንዳም እንዳትወጣ። ይሄን ደጋግመሽ ንገሪያት። በአንሶላ ልወርድ ብለው የወደቁትን አይቼ ነው የምልሽ። በር ተቆልፎባታል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ከውጭ ሰው ያስፈልጋታል። እኛ ለኛ በስደት የሚባል እዚያ በቤት ሠራተኝነት የነበሩ የኛው ሴቶች ያቋቋሙት ማኅበር አለ፣ በአማርኛ ያናግሩሻል፣ እነሱን ዛሬውኑ ጻፊላቸው። ካሪታስ የሚባለው የካቶሊክ እርዳታ ድርጅትም መጠለያ አለው። ቤቱ የት እንደሆነ የማታውቅ ከሆነ ሎኬሽን ትላክልሽ፣ በመስኮት የሚታየውን ሱቅና ሕንፃ ፎቶ ታንሳ።

ሲያወጧት ደግሞ ሻንጣዋን ሳትዘጋ ቪዲዮ ትቅረጽ፣ አንድ በአንድ ልብሱን እያነሳች። የማዳም ስጦታ እንኳን ቢሆን ትተወው። አረብኛ የተጻፈ ወረቀት ሰጥተው «ፈርሚ፣ ትኬት ነው» ቢሏት እንዳትፈርም። ብዙ ጊዜ «ደመወዜን ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ» የሚል ነው።

ሚዛን

ይቅርታ ግን እኔ ትንሽ ለየት ያለ ነገር ልበል። ጠያቂዋን ማስቀየም አልፈልግም። ነገር ግን ሁለቱንም ወገን ሳንሰማ ልጅቷ ንጹሕ ናት ማለት እንዴት ይቻላል? በ2013 (እ.ኤ.አ.) ሳዑዲ ከኛ ሴቶች መቅጠር ያቆመችው ሕፃናት ገደሉ ተብሎ ነው። ያ ሁሉ ውሸት ነው ልንል ነው? ቢያንስ ፖሊስ ይመርምር።

ነርስ ረዳት፣ ሜሪላንድ

ወንድሜ ሚዛን፣ ፖሊስ ይመርምር ላልከው እስማማለሁ። ግን እስኪመረመር ድረስ ፎቶዋን በቲክቶክ የለቀቀው ማን ነው? እስኪመረመር ድረስ እናቷ ቡና መጠጣት ያቆመችው ለምንድነው? አንተም የሌላ አገር የሌላ ሰው ጉዳይ አንስተህ እሷ ላይ ጣልክባት። እሷ በ2013 ትምህርት ቤት የነበረች ልጅ ትሆናለች።

እኔ እዚህ አረጋውያን ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ስለ መውደቅ የማውቀውን ልንገራችሁ። አረጋዊ ሰው ዳሌው እንዲሰበር የሚገፋው አያስፈልግም። አጥንቱ ሳስቷል። ቆሞ ከነበረበት ወደ ጎን ከወደቀ ይበቃዋል። ስኳር ያለበት ሰው ሌሊት ስኳሩ ሊወርድ ይችላል፣ ያዞረዋል። የደም ግፊት መድኃኒት ከሆነ ሲነሳ ግፊቱ ይወርዳል። የእንቅልፍ ኪኒን ከተጨመረበት ባሰ። ሌሊት ሽንት ቤት ሊሄዱ ሲሉም ብዙዎች ይወድቃሉ፣ እናንተን ማስቸገር ስለሚያፍሩ ቀስ ብለው ብቻቸውን ይነሳሉ። እኔ ራሴ በተረኛነት እያለሁ ሰው ወድቆብኛል። ያን ሌሊት ከጎኔ ሌላ ሠራተኛ ነበረች፣ ነርስ ነበረች፣ አልጋው ላይ የሚጮህ ደወል ነበር፣ የስምንት ሰዓት ፈረቃዬን ጨርሼ ቤቴ ገብቼ ተኝቻለሁ። እንዲያም ሆኖ ወደቁ። ፎርም ሞላን፣ ቤተሰብ ተጠራ፣ የወሰዱት መድኃኒት ታየ። ማንም ገዳይ አላለኝም።

እህትሽ ብቻዋን ናት። ሃያ አራት ሰዓት፣ ሦስት ዓመት ሙሉ። ቀን ሌላ ቤት እየጠረገች፣ ሌሊት ምንጣፍ ላይ ተኝታ በየሰዓቱ የምትነሳ ሰው አንድ ሌሊት እንቅልፍ ቢጥላት ጥፋቱ የማን ነው? ይሄን ሥራ እዚህ ሦስት ሰው ተፈራርቆ ነው የሚሠራው። እኔ ሳነበው እጄ ተንቀጠቀጠ።

ሌላም ላስታውስህ። በ2017 (እ.ኤ.አ.) ኩዌት ውስጥ አንዲት የኛ ልጅ ሰባተኛ ፎቅ መስኮት ላይ ተንጠልጥላ ያዢኝ እያለች አሠሪዋ ስትቀርጻት የነበረውን ቪዲዮ አይተኸዋል ብዬ አስባለሁ። መጀመሪያ የተወራው ራሷን ልታጠፋ ነበር የሚል ነው። ሁሉም ተቀበለው። ልጅቷ በሕይወት ተርፋ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና ስትናገር ግን ልትገድለኝ ስትል ነው ያመለጥኩት አለች። ባትተርፍ ኖሮ እስከ ዛሬ የምናምነው የመጀመሪያውን ነበር።

ለጠያቂዋ፦ ቴታ የታከሙበት ሆስፒታል መዝገብ አለ። ቁስል፣ ጭረት፣ የእጅ ምልክት ነበረ ወይ፣ ምን መድኃኒት ይወስዱ ነበር፣ ይሄ ሁሉ እዚያ ነው ያለው። እህትሽ ደግሞ የምትሰጣቸውን ኪኒኖች ሳጥን ፎቶ አንስታ ትላክልሽ፣ ዛሬ ማታ። ቴታ መናገር የሚችሉ ከሆነስ? እሳቸውን የጠየቀ አለ?

የሕግ ሰው

አጭር ልጻፍ። አንደኛ፣ «በደላላ ስለሄደች ራሷ ጥፋተኛ ናት» የሚል ሰው ካጋጠመሽ አትስሚ። ኢትዮጵያ በ2008 (እ.ኤ.አ.) ወደ ሊባኖስ ለቤት ሠራተኝነት መሄድን ከልክላ ነበር፣ መሄዱ ግን አልቆመም፣ ደላላው ነው የደለበው። ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ ቢልካት ኖሮ በአዋጅ 923/2008 (ይሄ በኛ አቆጣጠር ነው) መሠረት ኤጀንሲው ከአሠሪዋ ጋር ተጠያቂ ይሆን ነበር። ደላላውን ግን በአዋጅ 1178/2012 መክሰስ ይቻላል። ስሙን፣ ስልኩን፣ ገንዘብ የከፈላችሁበትን የባንክ ደረሰኝ ሰብስቢ።

ሁለተኛ፣ ድምፆቹን አታጥፊ። ደመወዝ የጠየቀችበት ቀንና የተወነጀለችበት ቀን አንድ ሳምንት ውስጥ መሆኑ በፍርድ ቤት ዋጋ አለው። እስከ አሁን የላከችውን ሐዋላ በሙሉ በወር በወር ጻፊ፣ የት ጋ እንደተቋረጠ ይታያል።

ሦስተኛ፣ ፖሊስ ጣቢያ ከወሰዷት አስተርጓሚ ሳይኖር ቃል እንዳትሰጥ። የሰብዓዊ መብት ድርጅቱ ሂዩማን ራይትስ ዋች በ2010 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ጥናት 114 የሊባኖስ የፍርድ ቤት ጉዳዮችን አይቶ ሠራተኛ በመቆለፉ፣ ፓስፖርት በመያዙ ወይም ምግብ በመከልከሉ የተከሰሰ አንድም አሠሪ አላገኘም። እዚያ የምትገባው ብቻዋን ከሆነ ውጤቱን አስቢው።

የኮምቦልቻዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነርስ እህቴ፣ ጽሑፍሽን ለእናቴ አነበብኩላት። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።

ትናንት ለማኅበሩ ጻፍኩ፣ መልሰውልኛል፣ አካባቢውን ጠይቀውኛል። እህቴ ሎኬሽን መላክ አልቻለችም፣ ግን በመስኮት የሚታይ የመድኃኒት ቤት ምልክትና የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ፎቶ ልካለች። የኪኒኑንም ሳጥን ልካለች፣ አንዱ የእንቅልፍ ነው። ማዳሟ ናት እንድትሰጣቸው ያዘዘቻት።

ነርስ እህቴ የጠየቅሽውን እኔም ጠየቅኳት። ቴታ ከሆስፒታል ወጥተዋል። እሷን ካላመጣችሁልኝ አልበላም ብለው አሁንም የምታጎርሳቸው እሷው ናት። ማዳሟ ቁማ እያየች።

ሚዛን፣ አልተቀየምኩህም። ቪዲዮው ግን አሁንም አለ። የለቀቀውን ሰው የሚያውቅ ካለ በውስጥ ይጻፍልኝ፣ እንዲያነሳው ብቻ ነው የምጠይቀው።