ለአራተኛ ፎቅ ውሃ ምድር ቤት ያለው ሰው ይክፈል?

ከአራተኛ ፎቅ፦
ጎረቤቶቼ፣ እሁድ ስብሰባ ላይ የተጣላንበትን ነገር በጽሁፍ ላምጣው። በቃል ስንነጋገር መደማመጥ አቃተን። ውሃ የሚመጣልን በፈረቃ ነው፣ ያውም ሌሊት። እኔ ቤት ግን አይደርስም። ሶስተኛ ፎቅ ላይ ይንጠባጠብና ይቀራል። ስለዚህ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስቼ ግቢ ካለው ቧንቧ እቀዳለሁ። አንዱ ጀሪካን 20 ሊትር ነው፣ 20 ኪሎ ማለት ነው። ደረጃው 72 ነው፣ ቆጥሬዋለሁ። መሃል ላይ እጄ ሲዝል አስቀምጠዋለሁ፣ ያኔ ድም ይላል። ወዲያው አንዱ በር ይከፈትና "ኧረ እንተኛበት!" ይባላል። እንደሚረብሽ አውቃለሁ። ግን ወድጄ አይደለም። ሁለት ልጆች ታጥበው ትምህርት ቤት መሄድ አለባቸው።

ኮሚቴው የጋራ ታንከርና ፓምፕ እንግዛ፣ ሁሉም ቤት እኩል ያዋጣ አለ። ከታች ያላችሁት "ለኛ ውሃ ይመጣል፣ ምን አገባን" አላችሁ። እኔ ደግሞ ሁላችንም መክፈል አለብን እላለሁ። ደረጃው ላይ የምንጣላው በውሃው ምክንያት ነው። ውሃው ከወጣ ጸቡም ይቀራል።

ከምድር ቤት፣ ጡረተኛው፦
ልጄ፣ ድካምሽን አይቻለሁ። አንድ ሁለት ቀን ጀሪካኑን ተቀብዬሽ እስከ አንደኛ ፎቅ አድርሻለሁ፣ ከዚያ በላይ ጉልበቴ እምቢ አለኝ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ዕጣ ሲወጣ ማናችንም ፎቅ አልመረጥንም። አንቺ አራተኛ ደረሰሽ፣ እኔ ምድር ቤት። የፍሳሹ መስመር ሲዘጋ የአምስቱም ደርብ ቆሻሻ የሚገነፍለው የት ነው? እኔ መታጠቢያ ቤት ነው። ባለፈው ክረምት ሁለት ጊዜ ሳሎኔ ድረስ ገብቷል። ምንጣፉን ጣልኩት። ሰራተኛ ጠርቼ ያስከፈትኩት ከጡረታዬ ነው። ያን ጊዜ ከላይ ወርዶ "ጋሼ፣ ስንት አወጡ?" ያለኝ ሰው የለም። ታዲያ ዛሬ ለፓምፕ አዋጡ ስባል ቅር ቢለኝ ይፈረድብኛል?

ከሁለተኛ ፎቅ፣ ተከራይ፦
እኔ በሁለቱም በኩል የለሁበትም። ለጥበቃና ለጽዳት በየወሩ እከፍላለሁ፣ ይሄ የምጠቀምበት ነው። ፓምፕ ግን ንብረት ነው። ነገ ቤቱን ልቀቂ ብባል ድርሻዬን ነቅዬ አልወስድም። አከራዬ ያለው አሜሪካ ነው፣ የሚደውልልኝም ኪራይ ሊጨምር ሲል ነው። እሱን ጠይቁት።

ጀሞ የሚኖር፣ የቀድሞ የኮሚቴ ሰብሳቢ፦
እህታችን ልክ ናት። የጋራ ህንጻ አዋጁ፣ ቁጥር 370/1995፣ የጋራ የሆነውን ነገር ወጪ የሚጥለው በቤት ባለቤቶች ላይ ነው። ደረጃው፣ ጣሪያው፣ ዋናው የቧንቧ መስመር የባለቤቶቹ ሁሉ ነው። እኛ ጋ የሰራነው እንዲህ ነው፦ መግዣውን ባለቤት ይከፍላል፣ የፓምፑን መብራት ደግሞ ቤቱ ውስጥ የሚኖረው። ባለቤቱ ውጭ ከሆነ ተከራዩ ከፍሎ ከኪራዩ ይቀንሳል። ግን ይሄ በቃል አይሆንም። ከአከራዩ ጋር በጽሁፍ ይሁን። እኛ መጀመሪያ በቃል አድርገነው ሁለት ቤት ተጣልቷል።

የካ አባዶ የሚኖር፣ ቧንቧ ሰራተኛ፦
ስለ ገንዘቡ እናንተ ተነጋገሩ። እኔ ስለ ውሃው ልናገር። ውሃን 10 ሜትር ከፍ ለማድረግ አንድ ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) የሚጠጋ ግፊት ይፈልጋል። የናንተ አራተኛ ፎቅ ከመሬት 12 ሜትር ገደማ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ሌሊት በአንድ ጊዜ ቧንቧ ሲከፍት ግፊቱ ይወርዳል፣ ስለዚህ እላይ አይደርስም።

ሌላም ነገር አለ። ብዙ ህንጻ ላይ አንዱ ሰው ለራሱ ትንሽ ፓምፕ ገዝቶ ቀጥታ መስመሩ ላይ ይገጥማል። ይሄ ከጎረቤት ጉሮሮ መንጠቅ ነው። እሱ ሲስብ ከሱ በላይ ያለው ጭራሽ ይደርቃል። ከዚያም የከፋው፣ መስመሩ የሆነ ቦታ ቀዳዳ ካለው ፓምፑ በዙሪያው ያለውን ቆሻሻ ውሃ ጭምር ስቦ ያስገባል። ያንን የሚጠጣው ህንጻው በሙሉ ነው። ፓምፕ መሳብ ያለበት ከታንከር ነው፣ ከመስመር አይደለም። ታንከሩ ምድር ላይ ከተቀመጠ ሌሊት ውሃ ሲመጣ በራሱ ግፊት ይሞላል፣ ማንም አይነሳም። ፓምፑን ቀን ታስነሱታላችሁ። የሌሊቱ ድምጽም በዚያው ይቀራል።

ከአንደኛ ፎቅ፦
ይሄ የተባለው ፓምፕ እኔ ቤት አለ። ከምታወሩብኝ ራሴ ልናገር ብዬ ነው። እናቴ የአልጋ ቁራኛ ናት። በቀን ሁለቴ አንሶላ እቀይራለሁ። ውሃ ከሌለኝ እሷን ንጹህ አድርጌ ማኖር አልችልም። ከላይ ያለውን እያደረቅኩ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር፣ እውነቴን ነው። ቆሻሻ ሊስብ እንደሚችልም ዛሬ ሰማሁ፣ እናቴም እሱኑ ነው የምትጠጣው። የጋራው ተገዝቶ ሲሰራ ካየሁ በዚያው ቀን እነቅለዋለሁ። ከዚያ በፊት ንቀል ብትሉኝ ግን አልነቅልም። በዚህ ህንጻ የጥበቃ ገንዘብ እንኳን በወሩ የማይከፍል ቤት አለ። የፓምፑ መዋጮ መንገድ ላይ ቢቀር እኔ ምን ልሆን ነው?

ከአራተኛ ፎቅ፦
ወንድሜ፣ ስለተናገርክ አመሰግናለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንን እንደምወቅስ ሳላውቅ ስናደድ ነበር። ስለ እናትህ ባውቅ ኖሮ በሬን አንኳኩተህ እንድትቀዳ እልህ ነበር፣ ውሃ ያለኝ ቀን። ግን አሁንም አንድ ነገር እጠይቅሃለሁ። ታንከሩ እስኪመጣ በሳምንት ሁለት ሌሊት ፓምፑን አታስነሳው። የትኞቹ እንደሆኑ አንተ ምረጥ።

ከምድር ቤት፣ ጡረተኛው፦
እንዲህ ከሆነ እኔም የመጨረሻ ቃሌን ልናገር። ለፓምፑ እከፍላለሁ። የፍሳሹ መስመር ጥገና ግን በዚሁ መዋጮ ይግባ። ውሃ ሽቅብ ሲወጣ የጋራ ከሆነ፣ ቁልቁል ሲወርድም የጋራ ነው። ታንከሩም ከመኝታ ቤቴ ግድግዳ ይራቅልኝ።

ከአራተኛ ፎቅ፦
ጋሼ፣ ልክ ነዎት፣ ይቅርታም እጠይቃለሁ። ቆሻሻው እርስዎ ቤት ገባ ሲባል ሰምቼ "ውይ" ብዬ በደረጃው አልፌያለሁ። ሽንት ቤት ውስጥ ዳይፐር የሚጥልም ሰው አለ፣ ይሄም እሁድ በግልጽ ይነሳ። ታንከሩን ከድሮው ማብሰያ ቤት ጀርባ እናስቀምጠው፣ ከማንም መኝታ ቤት ሩቅ ነው። ሁለቱንም ስራ በአንድ ወረቀት ጽፌ ለፊርማ አዞራለሁ።

ከሁለተኛ ፎቅ፣ ተከራይ፦
ለአከራዬ አሁን ጻፍኩለት። ከኪራዩ ካልቀነሰልኝ አልፈርምም።