ዳሽካሜ ባትሪዬን ጨረሰው፤ በሥርዓት እንዴት ላስገጥመው?

ሐረጎ ወራጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ ሥራዬ ደሴ። በመሀል ያለውን የሐረጎን ዳገት በቀን አንዴ እወጣለሁ፣ አንዴ እወርዳለሁ። መኪናዬ ያሪስ ናት፣ ማኑዋል።

ባለፈው ክረምት ሐረጎ ላይ፣ በዚያ ጉም ውስጥ፣ ከአንድ የጭነት መኪና ኋላ ቆሜ ነበር። ዳገቱ ላይ ሊነሳ ሲል ወደ ኋላ ተንሸራቶ ኮፈኔን ጨፈለቀው። ሹፌሩ ወርዶ «አንተ ነህ ከኋላ የገባህብኝ» አለኝ። ያየ ሰው የለም። ከኋላ የነበረ ሰው ደግሞ ምንም ቢል አይታመንም። ከኪሴ አሠራሁ። ከዚያ ወዲህ ያለ ካሜራ ያንን መንገድ አልወጣም ብዬ አንድ ዳሽካም፣ መንገዱን የሚቀርጽ የመኪና ካሜራ ገዛሁ።

ችግሩ አገጣጠሙ ነው። የላይተሩን ቀዳዳ ስልክ ስለምቻርጅበት አንድ ሠራተኛ ጋ ወሰድኩት። ሬዲዮውን አውጥቶ ከኋላው ካሉት ሽቦዎች ቢጫውን ልጦ ቀጠለበት። በናስትሮ ጠቀለለውና «አለቀ» አለኝ። ከዚያ በኋላ፦

ካሜራው ጭራሽ አይጠፋም። ቁልፍ አውጥቼ፣ በር ቆልፌ ስሄድ እንኳ መብራቱ ይበራል። አርብ 11 ሰዓት ላይ ደሴ እናቴ ቤት አቆምኳት። ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ቁልፍ ሳዞር ጠቅ ብቻ። የሰፈር ልጆች ገፍተው አስነሱልኝ።

ሬዲዮው ይንሻሻል። ካሜራውን ስነቅለው ይጠራል።

ገመዱ ከመስታወቱ እስከ ሬዲዮው ድረስ ክሩስኮቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ማርሽ ስቀይር እጄን ይይዘኛል። ካሜራው ራሱም በመምጠጫ ጎማ ስለተለጠፈ ደሴ ሲበርድ እየተላቀቀ ይወድቃል።

ቆማም እንድትቀርጽልኝ እፈልግ ነበር፤ ፒያሳ አቁሜያት ባጃጅ በሩን ፍቆልኝ ሄዷል። ግን ባትሪ የሚጨርስብኝ ከሆነ ይቅርብኝ። ምን ትላላችሁ?

የጦሳ ልጅ

አብሽር ወንድሜ፣ ካሜራው ምንም አልሆነም። ከሬዲዮ ጀርባ ቢጫው ሽቦ ብዙ ጊዜ ቋሚ ነው። ሬዲዮው ሰዓቱንና የያዛቸውን ጣቢያዎች እንዳይረሳ ቁልፍ ቢወጣም መብራት አለው። ቁልፍ ሲዞር ብቻ መብራት የሚያገኘው ቀዩ ነው። ቢጫው ላይ ስለተቀጠለ ነው የማይጠፋው። ለጊዜው ማታ ማታ ንቀለው።

ባለ አባዱላ

እኔ ከደሴ ኮምቦልቻ ስመላለስ ሦስት ዓመት ሙሉ በላይተር ነው የምጠቀመው። ባለ ሁለት ቀዳዳ የላይተር ቻርጀር ግዛ፤ አንዱ ለስልክ፣ አንዱ ለካሜራ። ሽቦ መቁረጥ የለ፣ ፊውዝ መንካት የለ። ቁልፍ ሲወጣ ብዙ ጊዜ አብሮ ይጠፋል። ማታ ዘበኛ ያለበት ካሳደርካት ቆማ መቅረጽዋ ለምን ያስፈልግሃል? አንድ ነገር ብቻ፦ ቻርጀሩ ለካሜራው የሚበቃ ይሁን። በካሜራው ጀርባ «5 ቮልት፣ 2 አምፔር» የሚል ከሆነ የ1 አምፔር ቻርጀር አይችለውም። መሀል መንገድ ላይ እየጠፋ ይነሳል። እኔ ይህን ሳላውቅ ወር ሙሉ ካሜራው ተበላሽቷል ብዬ ተቸግሬያለሁ።

ባለ ቴስተር

የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራዬ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

መጀመሪያ ሂሳቡን እንየው። ዳሽካም ብዙ አይበላም። ከባትሪው የሚወስደው ወደ 0.3 አምፔር ነው። አንድ ሌሊት 10 ሰዓት ብትቆም 3 አምፔር ሰዓት ነው፤ ደህና ባትሪ አይሰማውም። አንተ ግን ከአርብ 11 ሰዓት እስከ ሰኞ 1 ሰዓት 62 ሰዓት ነው ያቆምካት። 62 በ0.3 ስታባዛው 18 አምፔር ሰዓት አልፏል። የያሪስ ባትሪ 45 ገደማ ቢሆን፣ ያውም ካረጀ ግማሹንም አይዝም። በዚያ ላይ የደሴ ብርድ አለ። ባትሪ ሲበርደው ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ሞተሩም ዘይቱ ስለሚወፍር ለመነሳት ይከብደዋል። ኮምቦልቻ ብታቆማት ምናልባት ትነሳ ነበር።

ስለዚህ ያ ቅጥያ ይፈታ። የተላጠውን ሽቦ በደንብ አሽገው፣ ሬዲዮውን መልሱት። መብራቱን ከፊውዝ ሳጥን ውሰድ። የሚያስፈልግህ ሁለት ነገር ነው።

አንደኛ፣ 12 ቮልቱን ወደ 5 ቮልት የሚያወርድ የዳሽካም ገመድ፤ ባለ ሦስት ሽቦውን ግዛ። አንዱ ሽቦ ቋሚ መብራት ላይ ይገባል፣ አንዱ ቁልፍ ሲዞር በሚመጣው ላይ፣ ጥቁሩ ማሳ ነው፣ ከመኪናው ቦዲ ጋር የሚታሰረው። ቀለሙ እንደ ሥሪቱ ስለሚለያይ ጽሑፉን አንብብ። ይህ ገመድ ባትሪህ ሲወርድ ካሜራውን ራሱ ይቆርጠዋል። መቁረጫውን 12.2 ቮልት ላይ አድርገው። እረፍት ላይ ያለ ሙሉ ባትሪ 12.6 አካባቢ ነው፤ 12.2 ሲደርስ ግማሽ ገደማ ቀርቶታል ማለት ነው። 11.8 የሚል ምርጫ ታገኛለህ፤ ለደሴ ጠዋት አትምረጠው።

ሁለተኛ፣ ፊውዝ ታፕ የሚባለው፤ ለቋሚውና ቁልፍ ሲዞር ለሚመጣው ሽቦ አንድ አንድ። ዋናውን ፊውዝ ነቅለህ እሱ ቦታ ትሰካዋለህ፤ ዋናውን ፊውዝ መልሶ ይይዛል፣ ከጎኑ ለካሜራው ሌላ ፊውዝ ይጨምራል። ለካሜራው 2 ወይም 3 አምፔር ይበቃል። የፊውዝ መጠን ትልቅ፣ ትንሽና በጣም አጭር አለ፤ ከመኪናህ አንድ ነቅለህ ይዘህ ሂድና ከእሱ ጋር አስተያይተህ ግዛ።

የትኛው ፊውዝ? ቁልፍ ሲዞር ለሚመጣው ሽቦ የላይተሩ ወይም የዝናብ መጥረጊያው ጥሩ ነው። ቴስተር ይዘህ ቁልፍ ዘግተህ ለካ፣ ከፍተህ ለካ። ሲከፈት ብቻ 12 ቮልት የሚያሳየው እሱ ነው፤ ተዘግቶም የሚያሳየው ለቋሚው ሽቦ ይሆናል። የኤርባግ፣ የኤቢኤስና የሞተር ኮምፒውተር ፊውዞችን ግን እንዳትነካ። ስለ ካሜራ ብሎ ፍሬን ላይ ችግር መፍጠር አይገባም።

ታፑ በትክክል መሰካቱን ማወቅ ቀላል ነው። ከታፑ ላይ ዋናውን ፊውዝ ብቻ አውጣ። ካሜራው መብራቱን ከቀጠለ ልክ ነው። ከጠፋ ታፑን አዙረህ ሰካው።

ማሳውን በቀለም ላይ እንዳታስረው። ከቦዲው ጋር የተያያዘ ቡሎን ፈልግ፣ ፈታ አድርግ፣ ከሥሩ አስገባና አጥብቅ።

ቦርከና ማዶ

እኔ የቪትዜን ገመድ የዘረጋሁት ራሴ ነኝ። አንድ እሁድ ጠዋት በረንዳ ላይ አቁሜ ጨረስኩት። ካቻቪቴ አትጠቀም፣ ጨርቁን ይቀደዋል። ያረጀ የባንክ ካርድ በቂ ነው።

ካሜራው ከስፖኪዮው ጀርባ፣ በተሳፋሪው በኩል ይሁን። የዝናብ መጥረጊያው የሚደርስበት ቦታ መሆኑን እይ። እኔ መጀመሪያ ከላይ ጥግ ላይ ለጠፍኩትና በክረምት የቀረጸው ሁሉ ጠብታ ብቻ ሆነ። መስታወቱን በአልኮል ጥረግ፣ ይድረቅ። ብርድ ላይ አትለጥፍ፤ ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ መስታወቱ ሞቅ ሲል ለጥፍ። በጎማ ሳይሆን በሁለት ፊት ማጣበቂያ። ግማሽ ደቂቃ ያህል ጫን ብለህ ያዘው፣ ከዚያ ገመድ ሳትሰካበት አንድ ቀን ተወው።

ገመዱን ከካሜራው ጀምረህ በጣሪያው ጨርቅና በመስታወቱ መሀል በካርዱ እየገፋህ አስገባ። ጨርቁ ራሱ ይውጠዋል፤ ጫፉ ላይ ስትደርስ የቀረህን ገመድ በሌላው እጅህ እንዳይጎተት ያዝለት። ከዚያ የበሩን ጎማ ሳብ አድርገህ ገመዱን ከሥሩ አውርደው። መሪ ሥር ስትደርስ ወደ ፊውዝ ሳጥኑ። የተረፈውን ጠቅልለህ በፕላስቲክ ማሰሪያ እሰረው። ከዚያ ተጎንብሰህ ፍሬኑን፣ ፍሪሲዮኑን በእጅህ እስከ መጨረሻ ግፋቸው። ገመዱ አጠገባቸው ዝር ማለት የለበትም።

ባለ ቴስተር

እህቴ፣ በጣም ጥሩ አስረድተሻል። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ከመስታወቱ ጎን ያለው ምሰሶ ላይ «ኤስ አር ኤስ ኤርባግ» የሚል ጽሑፍ አለ? ካለ ከፕላስቲኩ ሥር መጋረጃ ኤርባግ አለ ማለት ነው። ገመዱ በኤርባጉ ፊት ካለፈ ኤርባጉ ሲፈነዳ ወይ ያግደዋል ወይ ገመዱን ወደ ፊት ይወረውረዋል። የምሰሶው ሽፋን ተነቅሎ ገመዱ ከኤርባጉ ጀርባ ከነበሩት ሽቦዎች ጋር መታሰር አለበት። ይህን ነገር በየጋራዡ የሚያስበው ሰው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ደግሜ እላለሁ፣ ይታይ።

ቦርከና ማዶ

አሁን ወጥቼ አየሁ። ጽሑፉ አለ። የእኔ ቪትዝ መሪዋ የተቀየረ ስለሆነ ምሰሶው ውስጥ ምን እንዳለ ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። ለቅዳሜ ባለሙያ ጠርቻለሁ፣ ሽፋኑን ነቅሎ ገመዱን ወደ ኋላ ያዛውረዋል። ጀዛከላህ ወንድሜ።

ኤፍኤስአር

ልጆች፣ እኔ ጭነት ነው የምነዳው። ሁለት ነገር ልንገራችሁ።

የከባድ መኪና ወንድሞቼ የእኛ 24 ቮልት መሆኑን አትርሱ። ገመዱ ላይ «12-24» የሚል ከሌለ ካሜራው ሊቃጠል ይችላል። ደግሞ ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ 12 የሚወስዱ አሉ። አንዱ እየወረደ ሌላው እየሞላ ሁለቱም ያለቀናቸው ይሞታሉ።

ሁለተኛው የሰዓት ነገር ነው። አንድ ጊዜ ተገጭቼ ቪዲዮውን አሳየሁ። ቪዲዮው ላይ 20 ሰዓት ይላል፤ ወረቀቱ ላይ ደግሞ ማታ 2 ሰዓት ተብሎ ተጽፏል። ቀኑ ደግሞ ጭራሽ የፋብሪካው ነበር፣ አስተካክዬው አላውቅም። ለማስረዳት ብዙ ደከምኩ። ካሜራው ቀኑን በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው፤ ሰዓቱንም እንደዚያው አድርጉትና የ6 ሰዓቱን ልዩነት አፋችሁ ላይ ያዙ። በወር አንዴ ትክክል መሆኑን እዩ። ግጭት ሲደርስ መጀመሪያ ካሜራው ላይ ያለውን የቪዲዮ መቆለፊያ ቁልፍ ተጫኑ፣ ካልሆነ ካርዱን አውጡ። አለዚያ ካሜራው እየዞረ በላዩ ላይ ይቀርጽበታል።

ሐረጎ ወራጅ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የእርስዎን የሰዓት ነገር ማንም አልነገረኝም ነበር። ካርዱ ስንት ቢሆን ይሻላል? የእኔ 32 ነው።

የጦሳ ልጅ

በፉል ኤችዲ 32 ጊጋ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ያህል ይይዛል፤ ከዚያ አሮጌውን ይደመስሳል። ደሴ ኮምቦልቻ ደርሰህ ለምትመለሰው ይበቃል። አዲስ አበባ የምትሄድ ከሆነ 64 አድርገው። ለተከታታይ ቀረጻ የተሠራ የሚባለውን ካርድ ግዛ፣ የስልኩ ካርድ ቶሎ ያረጃል። በወር አንዴ ካሜራው ላይ ራሱ ፎርማት አድርገው።

ደግሞ ካሜራህ ውስጡ ሊቲየም ባትሪ ካለው ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ ቀትር አታቁማት። የወንድሜ ካሜራ ጀርባው እንደ ሊጥ ተነፍቶ መስታወቱን ገፍቶ ተላቀቀ። ሌላ ስትገዛ በባትሪ ፈንታ ካፓሲተር ያለውን ጠይቅ።

ሐረጎ ወራጅ

ከአሥር ቀን በኋላ ተመለስኩ። ያየሁትን ልንገራችሁ፣ ለሌላውም ይጠቅም ይሆናል።

ባትሪውን አስለካሁ። ሌሊቱን ያለ ካሜራ አድራ 12.1 ነበር። አራት ዓመት የሞላው ነው፤ ቀየርኩት። አዲሱ ጠዋት 12.6 አሳየ።

ሬዲዮው ሲወጣ ያ ቅጥያ ምን እንደሚመስል አየሁት። ናስትሮው ሙጫው ቀልጦ ተላቅቋል፣ የተላጠው መዳብ ከሬዲዮው ብረት አንድ ጣት ርቀት ላይ ነበር። ባየው ጊዜ ሆዴ ባር ባር አለ። ባለሙያው ቆርጦ፣ በሙቀት የሚጨማደድ ቱቦ አልብሶ መለሰው።

ፊውዝ ሳጥኑ መሪው ሥር በግራ በኩል ነው። ቁልፍ ሲዞር ለሚመጣው ሽቦ ታፑን የላይተሩ ፊውዝ ላይ ሰካነው። መጀመሪያ ተገልብጦ ነበር፤ ባለ ቴስተር ባለው መንገድ ፊውዙን ሳወጣ ካሜራው ጠፋ፣ አዞርነው። የእኔ ምሰሶ ላይ የኤርባግ ጽሑፍ የለም፤ ቢሆንም ሽፋኑን ነቅለን አረጋገጥን። መቁረጫው 12.2 ላይ ነው። ቅዳሜና እሁድ ደሴ አቆምኳት፣ ሰኞ በአንድ ቁልፍ ተነሳች።

አንድ ብቻ ቀረኝ። የሬዲዮው መንሻሻት ቀንሷል እንጂ አልጠፋም። በተለይ ሐረጎን ስወጣ።

ባለ ቴስተር

ያቺ 5 ቮልት የምታደርገው ሳጥን የት ታሰረች? ከሬዲዮው ኋላ ወይም ከአንቴናው ገመድ ጋር ከሆነች እሷ ናት የምትረብሸው። መንገዱ ላይ ሲግናሉ ሲደክም ደግሞ ይብሳል። ወደ ፊውዝ ሳጥኑ በኩል አርቀህ እሰራት። ካልበቃ ገመዱ ላይ የሚታሰር ጥቁር የፌራይት ቀለበት አለ፣ የድሮ ኮምፒውተር ገመዶች ጫፍ ላይ ያለው ዓይነት። ከሳጥኗ አጠገብ አድርገው።

ሐረጎ ወራጅ

አዎ፣ ከአንቴናው ገመድ ጋር አንድ ላይ ታስራ ነበር። ፈታኋትና ወደ ግራ ወሰድኳት። ዛሬ ጠዋት ከኮምቦልቻ ደሴ ሬዲዮ ከፍቼ ወጣሁ። ጠርቷል።