«ጥሩ መጽሐፍ አገር የለውም» ላሉት መምህር፦ ታዲያ አሥሩም ከአንድ አገር እንዴት ተገኙ?

የጠመኔ አቧራ
ትናንት እዚሁ ግሩፕ ላይ አንድ መምህር የዓመቱን የክፍል ንባብ ዝርዝር ለጠፉ። አሥር ልቦለድ ነው። አንዱ ከሥር «ደራሲዎቹ ሁሉ የአንድ አገር ሰዎች፣ ሁሉም ወንዶች ናቸው። የተማሪዎችዎ ግማሽ ከሌላ ባህል የመጡ አይደሉም ወይ?» ብሎ ጠየቀ። የመምህሩ መልስ፦ «ጥሩ መጽሐፍ አገር የለውም። እኔ የምመርጠው በጥራት እንጂ በዘር አይደለም።» ከዚያማ የላይክ ናዳ ወረደ። ደሜ ነው የፈላው። አገር ከሌለው፣ አሥሩም ከአንድ አገር የተገኙት በዕጣ ነው?

የድሮው መምህር
ያልኩት እኔ ነኝ፤ «አንድ መምህር» እያልክ አትማኝ። አሁንም እደግመዋለሁ። ልጅን መጽሐፍ የሚያስይዘው ታሪኩ ነው። የደራሲውን መልክ አይቶ መጽሐፍ የወደደ ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም። እናንተ ግን ገጹን ሳትገልጡ የጀርባውን ፎቶ ነው የምታዩት።

ቀይ እስክሪብቶ
መምህር፣ ፎቶውንስ እርስዎም ሳያዩት አልቀሩም። አሥር ጊዜ አይተው አሥር ጊዜ አንድ ዓይነት ፊት መረጡ። ጎበዝ ዓይን አለዎት።

ላይብረሪ ጥግ
«በጥራት ነው» የሚለው መልስ አዲስ አይደለም። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።) ናንሲ ላሪክ የምትባል አሜሪካዊት በዚያን ጊዜ የወጡ ከ5,000 በላይ የልጆች መጻሕፍትን ቆጠራ አድርጋ ውጤቱን በ1965 ጻፈች። አንድ እንኳ ጥቁር ሰው የሚገኝባቸው 6.7 በመቶ ነበሩ። በ1985 የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የልጆች መጻሕፍት ማዕከል መቁጠር ሲጀምር ደግሞ፣ በዓመቱ ከወጡት ወደ 2,500 ገደማ መጻሕፍት ጥቁር አሜሪካውያን የሠሯቸው 18 ብቻ ሆኑ። መምህር፣ እርስዎ ዘንድ ከመድረሱ በፊት አሳታሚው መርጧል፣ ሐያሲው መርጧል፣ ሥርዓተ ትምህርት አውጪው መርጧል። እርስዎ በጥራት የመረጡት እነሱ ካስቀሩልዎት ውስጥ ነው።

ነገር ፈላጊ
አሜሪካ፣ አሜሪካ፣ አሜሪካ። ክርክር በጠበባችሁ ቁጥር ወደዚያ ነው የምትሮጡት። እነሱ ስላጠፉ እኛ ንስሐ እንግባ?

ላይብረሪ ጥግ
ስለቆጠሩ ነው የምጠቅሳቸው። ሌላው ስላልቆጠረ ደህና ነው ማለት አይደለም። ለመሳቅ ከፈለግህ ይኸውልህ፦ በ2018 በዚያው ማዕከል ቆጠራ፣ ዋና ገጸ ባህሪያቸው እንስሳ ወይም እንደ መኪና ያለ ነገር የሆኑ መጻሕፍት 27 በመቶ ነበሩ። የጥቁሩ፣ የእስያው፣ የላቲኖውና የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ተደምሮ 23 በመቶ።

ቀይ እስክሪብቶ
ጥንቸል አሸነፈች። እሷም በጥራት ነው ያለፈችው።

የሁለት ልጆች እናት
እኔ ከማንም ወገን አይደለሁም፤ የሆነውን ልንገራችሁ። ታናሽቱ ልጄ ክፍሏ ውስጥ ከእኛ ባህል ብቸኛዋ ናት። መምህሯ «ብዝኃነት» ብላ ከእኛ ወገን ስለሆነች ልጅ የሚያወራ መጽሐፍ አመጣች። ደስ ብሎን ነበር። ገጸ ባህሪዋ ለሠርግ የምትለብሰው ልብስ ጋ ሲደርሱ መምህሯ መጽሐፉን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ወደ ልጄ ዞረች። «እስኪ አንቺ ንገሪን፣ እናንተ ጋ እንዴት ነው?» ክፍሉ በሙሉ ዞረ። ልጄ ያንን ልብስ በፎቶ እንጂ ለብሳው አታውቅም። «አላውቅም» አለች። ከኋላ አንዱ «የራስሽን አታውቂም እንዴ?» ብሎ ሳቀባት። አሁን «ሁለተኛ ያንን መጽሐፍ እንዳታነብ ጻፊላት» እያለች ታስጨንቀኛለች። ልጻፍ ወይስ ልተው?

የድሮው መምህር
ይኸው! እኔስ የምለው ምን ሆነና?

የጠመኔ አቧራ
ይህንንማ አላሉም መምህር። ያሉት «መጽሐፍ አገር የለውም» ነው። የልጅቷ ችግር መጽሐፉ ብቸኛ መሆኑ ነው። ለአንድ ሕዝብ በዓመት አንድ መጽሐፍ ከሰጠህ፣ ያ መጽሐፍ የሕዝቡ ሁሉ መታወቂያ ይሆናል፤ ልጅቷም ሳትፈልግ ቃል አቀባይ ትሆናለች። ደራሲዋ ቺማማንዳ አዲቺ በ2009 ስለ ነጠላ ታሪክ አደገኛነት ስትናገር ይህንኑ ነው ያነሳችው። ናይጄሪያ ያደገች ልጅ በሰባት ዓመቷ መጻፍ ስትጀምር ገጸ ባህሪዎቿ ሁሉ ነጮች ነበሩ፤ ዓይናቸው ሰማያዊ፣ ጨዋታቸው በረዶ ላይ። በረዶ የማያውቅ አገር ቁጭ ብላ! የምታነበው ሁሉ የእንግሊዝና የአሜሪካ ስለሆነ መጽሐፍ ማለት ያ ብቻ መስሏት ነበር። አገር የሌለው መጽሐፍዎ የሚሠራው ይህንን ነው።

የድሮው መምህር
ግማሹን ቆርጠህ አታምጣልን። እነዚያን መጻሕፍት እንደምትወዳቸው፣ ምናቧን እንደከፈቱላትም በዚያው ንግግር ተናግራለች። አገር የላቸውም ማለት ይህ ነው፤ ናይጄሪያ ድረስ ሄደው ደራሲ አፈሩ።

ላይብረሪ ጥግ
እርስዎም ሌላውን ግማሽ ዋጡት። አፍሪካውያኑን ደራሲዎች አቼቤንና ካማራ ላዬን ስታነብ ነው እሷን የመሰለች ልጅም መጽሐፍ ውስጥ መኖር እንደምትችል የገባት። ይህም እዚያው ንግግር ውስጥ አለ።

ነገር ፈላጊ
አቼቤ ከተነሳ አይቀር፣ እሱ አይደል በ1975 አውሮፓዊውን ደራሲ ኮንራድን ስለ አፍሪካ በጻፈው ልቦለድ ዘረኛ ብሎ አዳራሽ ሙሉ ሰው ያስደነገጠው? ዛሬ ኮንራድ ይውጣ፣ ነገ ሼክስፒር ይውጣ። መጨረሻ ላይ ክፍሉ ውስጥ የሚቀረው ጥቁር ሰሌዳ ነው።

የጠመኔ አቧራ
ይውጣ ያለህ ማነው? የኮንራድን ልቦለድና የአቼቤን ትችት ጎን ለጎን አስነብብ። ተማሪ አፉን ከፍቶ ሲከራከር የምታየው ያን ቀን ነው። አንዱን ብቻ ስትሰጠው ማስታወሻ ገልብጦ ይተኛል።

ነገር ፈላጊ
ናይሮቢስ? ኬንያዊው ደራሲ ኒጉጊና ጓደኞቹ በ1968 የዩኒቨርሲቲው የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ይሰረዝ ብለው አልጻፉም? ርዕሱ ራሱ ያወራል።

ላይብረሪ ጥግ
ርዕሱን ብቻ አንብበህ አትሂድ። ጥያቄያቸው መሃል ላይ ማን ይቀመጥ ነው። የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ፣ ሥነ ቃሉም ጭምር፣ መሃል ይሁን፤ ሌላው ከዚያ አንጻር ይጠና አሉ። የእንግሊዝን መጽሐፍ አቃጥሉ ያለ የለም።

የድሮው መምህር
አያችሁ፣ «መሃል ማን ይቀመጥ» ሲባል እኮ ሥነ ጽሑፍ ቀርቶ የወንበር ክርክር ሆነ። እኔ ተማሪዬ አረፍተ ነገር ሲያምር እንዲያውቅ ነው የምፈልገው።

የጠመኔ አቧራ
ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ነው «የወንበር ነገር አታንሱ» የሚለው።

የድሮው መምህር
ልጄ፣ ሰው ስታከብር ይሻላል።

ቀይ እስክሪብቶ
ኧረ ተረጋጉ። አሁን የምሬን ልጠይቅ። ስለ አንድ ሕዝብ የዚያ ሕዝብ ሰው ብቻ ይጻፍ የሚሉትንስ ምን ታደርጓቸዋላችሁ? ይህም ከናንተ ወገን ነው የመጣው።

ላይብረሪ ጥግ
«ኦውን ቮይስስ» (የራስ ድምፅ እንደ ማለት ነው) የሚባለውን ማለትህ ነው። በ2015 በሃሽታግ ነው የተጀመረው። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ የሌላውን ሕይወት እየገመቱ የሚጽፉ ስለበዙ ነው። ኋላ ግን ደራሲን «አንተ የማን ወገን ነህ? አስረዳ» እስከማለት ተደረሰ። ለልጆች መጻሕፍት ብዝኃነት የሚሟገተው ድርጅት ራሱ በ2021 ስያሜውን መጠቀም አቆመ። እኔ በበኩሌ የምጠይቀው ጸሐፊው የጻፈውን ያውቀዋል ወይ ብዬ ነው። ያላወቀ ሁለት ገጽ ሳትሄድ ያስታውቅበታል፤ አያቷ በምሳሌ ብቻ ነው የምታወራው፣ ልጁ ሁልጊዜ ድሃና ጥበበኛ ነው።

የሁለት ልጆች እናት
የልጄ መጽሐፍ ውስጥም አያት አለች። በምሳሌ ብቻ ነው የምታወራው።

ቀይ እስክሪብቶ
የኔ አያት በስድብ ነበር የምታወራው። የሚጽፍላት ጠፋ።

የጠመኔ አቧራ
አሜሪካዊው የትምህርት ምሁር ጄምስ ባንክስ የልጅቷ መምህር ያደረገችውን ዓይነት አቀራረብ ከመድብለ ባህል ትምህርት እርከኖች ዝቅተኛው ላይ ያስቀምጠዋል። ጀግና፣ በዓል፣ ልብስ፣ ከዚያ ቻው። ሥርዓተ ትምህርቱ እንደነበረ ይቀጥላል። የመምህሯ ጥፋት እሱ ነው። የርስዎ ግን መምህር፣ የመጀመሪያውን እርከንም አልረገጡም።

የድሮው መምህር
እርከን አልቆጥርም። ክፍሌ ውስጥ የአብዛኛው ሕዝብ ልጆች አሉ። እነሱስ ራሳቸውን አይተው ማንበብ መብታቸው አይደለም?

ላይብረሪ ጥግ
መብታቸው ነው። ግን የልጆች ሥነ ጽሑፍ ምሁሯ ሩዲን ሲምስ ቢሾፕ በ1990 መጽሐፍ ለልጅ ራሱን የሚያይበት መስታወትም፣ ሌላውን የሚያይበት መስኮትም ነው ስትል፣ ብዙ ሰው የማይጠቅሰው አንድ ነገር አክላለች፦ መስታወት ብቻ እያየ የሚያድገው የአብዛኛው ሕዝብ ልጅም ይጎዳል፣ ራሱ ከልክ በላይ ትልቅ ሆኖ ይታየዋል። አሥሩም መስታወት የሆነው ለእነሱ ነው። እኔ የምፈራው ለእነሱም ጭምር ነው።

የድሮው መምህር
እንግዲህ ልጆቼ ትዕቢተኞች ናቸው ተባለ። እሺ፣ ዝርዝር ላኩልኝ። አነበዋለሁ። ጥሩ ሆኖ ያገኘሁትን አስተምራለሁ።

የጠመኔ አቧራ
ጥሩ መሆኑን የሚወስነው ማነው?

የድሮው መምህር
እኔ ነኛ! ክፍሉን የማስተምረው አንተ ነህ?

የሁለት ልጆች እናት
ይቅርታ፣ የኔን ጥያቄ ማንም አልመለሰልኝም። ለመምህሯ ልጻፍ ወይስ አልጻፍ?

የድሮው መምህር
ይጻፉ። መጽሐፉ ይውጣ ይበሉ።

የጠመኔ አቧራ
ይጻፉ፣ ግን በጭራሽ ይውጣ አይበሉ። «ሌላም ጨምሪበት፣ ልጄን ደግሞ ክፍል ፊት አትጠይቂያት» ይበሉ።

ነገር ፈላጊ
አይጻፉ። መምህሯ ነገ ስክሪንሾት አድርጋ እዚህ ትለጥፈዋለች።

የሁለት ልጆች እናት
እሷ ይህ ግሩፕ ውስጥ አለች እንዴ?