ሳነቴ ላይ ቀይ ቀበሮ ለማየት፣ ልጄንና ውሻዋን ይዤ ብወጣስ?

የልጅቷ አባት፦

ጤና ይስጥልኝ። በጥር መጨረሻ ትምህርት ሲዘጋ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጄን ይዤ ባሌ ልወጣ አስቤያለሁ። የመኝታ ቤቷ ግድግዳ ራሷ በሳለቻቸው ቀይ ቀበሮዎች ተሞልቷል፤ በዓይኗ ግን አንድም አላየችም። ከአዲስ አበባ በመኪናችን ሄደን ተራራው አናት ባለው የሳነቴ ሜዳ ላይ ድንኳን ብንተክል ብርዱን ትችለው ይሆን? ቀበሮውንስ በስንት ሰዓት ነው የምናገኘው? ውሻዋ ቡቺም አብሮን ይሄዳል፤ ያለ እሱ የትም ሄዳ አታውቅም። በገመድ ታስሮ ስለሚውል ችግር የሚኖረው አይመስለኝም።

ነርስ ነኝ፦

ስለ ከፍታው ብቻ ልናገር። ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። አዲስ አበባ መኖራችሁ ይረዳችኋል፤ ቢሆንም በመጀመሪያው ሌሊት እዚያ አትደሩ። ከሜዳው በታች ባሉት ዲንሾ ወይም ጎባ ከተማ ሁለት ሌሊት አድራችሁ ውጡ፤ ውሃ በብዛት ትጠጣ። ራሷን ካመማት፣ ካቅለሸለሻት ወይም ምግብ እምቢ ካለች፣ ይሻላት እንደሆነ ሳትጠብቁ ወዲያውኑ ወደ ታች አውርዷት።

የጎባ ልጅ፦

ወንድሜ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ውሻው ይቅር። ይህን የምልዎት ከልቤ ነው።

ጎባ ተወልጄ ነው ያደግኩት። ለብዙ ዓመታት ፈረስ እየጫንኩ እንግዶችን ወደ ወብ ሸለቆ አመላልሻለሁ። በ1996 ዓ.ም. የእብድ ውሻ በሽታ ሸለቆው ውስጥ ገብቶ በዚያ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱን ያህል ፈጀ። በሽታው የመጣው ከውሾች ነው። ባለሙያዎች በአጎራባች መተላለፊያዎች ያሉትን ቀበሮዎች እየያዙ ባይከትቡ ኖሮ ወደ ሌሎቹም ሜዳዎች ይዛመት ነበር። ያን ጊዜ አንዲት እናት ቀበሮ ወንዝ ዳር ወድቃ አገኘሁ። አፏ ከውሃው አንድ ስንዝር አይርቅም ነበር። ፈረሴ አልፏት አልሄድ ብሎ ቆመ፤ እኔም ዝም ብዬ ቆምኩ። በዓለም ላይ የቀሩት ለመራባት የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ናቸው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደግሞ እኛ ተራራ ላይ ነው የሚኖሩት። ቡቺ የተከተበም፣ የታሰረም ቢሆን ሌላ በሽታ ሊያመጣ፣ ወይም ከመንደር ውሻ ተቀብሎ ወደ ቤትዎ ይዞ ሊመለስ ይችላል። ለልጅዎ ይህንኑ ይንገሯት፤ ቀበሮ የምትወድ ልጅ ትረዳዎታለች።

ሰዓቱን በተመለከተ አይጨነቁ። ቀይ ቀበሮ የሚያድነው በቀን ነው። ከጎባ ማለዳ ተነስታችሁ ወደ ዶሎ መና በሚወስደው መንገድ ሜዳው ላይ ውጡ። ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል እንደ ቆመ ሰው እዚህም እዚያም ይታያችኋል። ከዚያ መኪናውን አቁማችሁ ፍልፈል ፈልጉ። የእኛ ፍልፈል ሌላ አገር የለም፤ አንድ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው፣ ዓይኖቹ ወደ አናቱ የወጡ እንስሳ ነው። ከጉድጓዱ ግማሽ አካሉን ብቅ አድርጎ በዙሪያው ያለውን ሣር ይግጣል። ብዙ ጊዜ አጠገቡ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ታርፋለች። ወፏ በድንገት ከጮኸች ዙሪያችሁን ቃኙ፤ ቀበሮው ደረቱን መሬት አስነክቶ፣ ጆሮውን ቀስሮ፣ አንድ እርምጃ እየሄደ አንድ ጊዜ እየቆመ ይመጣል። አንዳንዴ ሩብ ሰዓት ሙሉ አይነቃነቅም። እናንተም አትነቃነቁ። ምግብ ፈጽሞ አትጣሉለት።

አያቴ በኦሮምኛ «ጀዳላ ፈርዳ» ትለው ነበር፤ የፈረስ ቀበሮ ማለት ነው። የምትወልድ ባዝራ ተከትሎ የእንግዴ ልጁን ስለሚበላ ነው ይባላል።

ድንኳኑን ሳነቴ ላይ ባትተክሉት ይሻላል። በጥር ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ በጀሪካን ያሳደርኩት ውሃ ጠዋት አልቀዳ ብሎኝ ያውቃል። ዲንሾ ከጽድና ከኮሶ ዛፎቹ ሥር እደሩ፤ የደጋ አጋዘን ከድንኳናችሁ ደጅ ሲግጥ ልታገኙት ትችላላችሁ። ጊዜ ከተረፋችሁ ወደ ሪራ መንደር ውረዱ። ከዚያ ሜዳ ተነስቶ በአንድ ጊዜ ሐረና ጫካ ውስጥ መግባትን የሚያህል ነገር አላውቅም። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርካችን በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ቀን ያለቀስኩት ይህን ሁሉ እያሰብኩ ነው።

የልጅቷ አባት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጻፉትን አብረን አነበብነው። መጀመሪያ ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች፤ ማታ ወጥታ «ቡቺ አክስቴ ጋ ይቆይ» አለችኝ። አሁን የምትጠይቀው ሥዕሏን የት ቁጭ ብላ እንደምትስል ነው።

የጎባ ልጅ፦

መኪና ውስጥ ሆና ትሳል፤ ቀበሮው ከመኪና ብዙም አይሸሽም። ጣት የሌለው ጓንት ይግዙላት። የጅራቱ ጫፍ ጥቁር፣ ጉሮሮውና ደረቱ ነጭ ነው። አፉንም ቀጭንና ረጅም አድርጋ ትሳለው፤ በአይጥና በፍልፈል ጉድጓድ የሚገባው በእሱ ነው።