የመኪና መስኮት የትንኝ መረብ፦ የታችኛው ጠርዝ አልይዝ አለኝ

ሰላም ለሁላችሁ። መኪና ውስጥ ለማደር ለኋላ በር መስኮቶች የትንኝ መረብ እየሠራሁ ነው። መረቡን ከመስኮቱ በየጎኑ 5 ሳንቲሜትር አስበልጬ ቆርጬ፣ ጠርዙን አጥፌ ሰፍቼ፣ በየ10 ሳንቲሜትሩ ማግኔት ከትቼበታለሁ። ላይና ጎኖቹ የበሩ ብረት ላይ በደንብ ይይዛሉ። ከታች ግን ጎማና ፕላስቲክ ስለሆነ ማግኔቱ የሚይዘው ነገር የለም፤ ነፋስ ሲመጣ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይከፈታል፣ ለትንኝ ደግሞ ከዚያ ያነሰም ይበቃታል። ቬልክሮ (ሲጫኑት የሚያያዝ፣ ሲስቡት የሚላቀቅ ማሰሪያ) እንዳልለጥፍ ማጣበቂያው በፀሐይ ሙቀት እንዳይላቀቅ ሰጋሁ።

መረቡን ወደ ታች አስረዝሜ ማግኔቱን ከጎማው በታች ባለው ብረት ላይ ባሳርፈው ይሻላል? ወይስ በሩ ላይ ከላይ እንደ ካልሲ የሚጠልቅ አድርጌ ልስፋው? እንደዚያ ከሆነ ስፌቱ በሩ ሲዘጋ በበሩ ዙሪያ ያለው ጎማ ላይ ተደራርቦ ዝናብ እንዳያስገባ የት በኩል ላሳልፈው? የሠራችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።