ከኤታኖል ውስጥ የቀረችውን ውሃ ማውጣት አቅቶኛል

የተከበራችሁ የኬሚካል ምህንድስና ባለሙያዎች፣

ጎጃም፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ በአንዲት አነስተኛ የመስታወት ዲስቲሌሽን ዓምድ (ድብልቅን እያፈላ በእንፋሎት የሚለይ ረጅም ቱቦ) ኤታኖልን ከውሃ ለመለየት ስደክም ወራት አልፈዋል። ድብልቁ በክብደት 95.6 በመቶ ኤታኖል አካባቢ ሲደርስ እንፋሎቱና ፈሳሹ አንድ ዓይነት ይዘት ስለሚይዙ ማፍላት ብቻውን አይለያቸውም፤ ስለዚህ ውሃውን ይዞልኝ እንዲወርድ ኢትሊን ግላይኮል የተባለ ውሃ የሚስብ ፈሳሽ ከላይ እጨምራለሁ።

የኤታኖሉ ጥራት ሲቀንስ፣ ከላይ ከወጣው እንፋሎት ቀዝቅዞ ወደ ዓምዱ የሚመለሰውን ፈሳሽ መጠን ከፍ አደረግሁ፤ ጥራቱ ግን ይባስ ወረደ። ተመላሹ ግላይኮሉን እያቀጠነው ይመስለኛል። በዚያ ላይ ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል፣ ንጹሕ ኤታኖል እዚህ የሚፈላው በ78 ሳይሆን በ71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሆኖ ሳለ፣ የመቆጣጠሪያውን ሙቀት ከመጽሐፍ እንዳለ ወስጄ ነበር።

ትናንት ማታ ከታች የወጣው ግላይኮል፣ ጠርሙሱ በድርብ ጨርቅ እንኳ እስከማይያዝ ድረስ ይፋጅ ነበር። አረቄ በሚወጣበት ቤት ያደግሁ ነኝና የእሳት ብክነት ያንገበግበኛል።

የግላይኮሉን ፍሰት ከገቢው ድብልቅ ፍሰት ጋር በቋሚ ምጣኔ አስሬ፣ ተመላሹን ሳልነካ፣ የማሞቂያውን ኃይል በአንድ እርከን (በዓምዱ ውስጥ እንፋሎትና ፈሳሽ ከሚገናኙባቸው ደረጃዎች በአንዱ) ሙቀት ብቻ ብቆጣጠር ይበቃኛል? እርከኑንስ በምን ልምረጥ? በትኩሱ ግላይኮል ገቢውን ድብልቅ ባሞቅ፣ ቁጥጥሩ እንዳይናጋ ምን ላድርግ?